የድሃ ልጅ ድህነት የማን ሥራ ነው?

ሰው ሠርቶ ከተወለደበት የኑሮ ደረጃ ከፍ ማለት ሲያቅተው ጥፋቱ የማን ነው? የፈጣሪ ፈቃድ ነው፣ የራሱ ስንፍና ነው ወይስ ሌሎች ሰዎች የሠሩበት በደል? የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የልጅን ገቢ ከወላጁ ገቢ ጋር እያነጻጸሩ ነገሩን በቁጥር ያስቀምጡታል። ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ባደረጉት ጥናት፣ በ1940 ከተወለዱት 90 በመቶ ያህሉ ሠላሳ ዓመት ሲሞላቸው ወላጆቻቸው በዚያው ዕድሜ ከነበራቸው የበለጠ ገቢ ነበራቸው፤ በ1980ዎቹ ከተወለዱት ግን እዚህ የደረሱት ግማሽ ያህሉ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቁጥሩ የልጆች ተስፋ መጥበቡን ያሳያል። ተጠያቂው ማን እንደሆነና ለልጆቹ ምን እንደሚገባቸው መወሰን ግን የሃይማኖትና የፍልስፍና ሥራ ነው።

ጥያቄውን ከሱዳኗ ባሕሪ ይልቅ በግልጽ የሚያሳይ ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። ባሕሪ ከካርቱምና ከኦምዱርማን ጋር አንድ ሰፊ ከተማ ትሠራለች፤ ከሦስቱ የፋብሪካውና የሠርቶ አደሩ ክፍል እሷ ናት። ከግብፅ ድንበር የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1899 መገባደጃ እዚህ ደርሶ ቆመ፤ ዓባይን ተሻግሮ ካርቱም የገባው ድልድይ ከተሠራ በኋላ ነው። የወንዝ መርከቦች መጠገኛ እዚህ ተተከለ። ከነጻነት በኋላም የጨርቃ ጨርቅ፣ የሳሙና፣ የዘይት፣ የዱቄትና የመድኃኒት ፋብሪካዎች እዚሁ ተሰበሰቡ። አንድ ቤተሰብ ከፍ የሚልበት መንገድም የታወቀ ነበር። አያት ከገጠር መጥቶ በመርከብ ጥገናው ወይም በፋብሪካው ጉልበቱን ይሸጣል፤ አባት ትምህርት ቤት ገብቶ የመንግሥት ጸሐፊ ወይም አስተማሪ ይሆናል፤ ልጅ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሆኖ ይመረቃል።

ይህን መንገድ የከፈተው የመንግሥት ውሳኔ ነበር። ሐንቱብ፣ ዋዲ ሰይድናና ኾር ጠቀት የሚባሉት ስመ ጥር አዳሪ ትምህርት ቤቶች የተቀበሉትን ልጅ አብልተውና አሳድረው ያስተምሩ ነበር። የግብርና ፋኩልቲው ባሕሪ ውስጥ ሻምባት ላይ ያለው የካርቱም ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ፈተና ያለፈ የቀን ሠራተኛ ልጅ የዕለት ጉርሱ ሳያስጨንቀው ተምሮ ሲጨርስ የመንግሥት ሥራ ይጠብቀዋል። ደመወዙም ቤተሰብ ያሳድራል፤ እስከ 1978 አንድ የሱዳን ፓውንድ በ2.87 የአሜሪካ ዶላር ይመነዘር ነበር።

መንገዱ በአንድ ቀን አልተዘጋም። በ1970ዎቹ በውጭ ብድር የተጀመሩት ትልልቅ የልማት ዕቅዶች የተጠበቀውን ሳያፈሩ ዕዳው ተከመረ፤ ፓውንዱም በተደጋጋሚ ረከሰ። በ1983 የደቡቡ ጦርነት እንደገና ተቀሰቀሰ። በ1984 እና በ1985 ድርቅ ከምዕራብ ሱዳን ያፈናቀላቸው ቤተሰቦች ከባሕሪ በስተምሥራቅ ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ ሰፈሩ። በጁን 1989 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው የዑመር አል-በሽር መንግሥት እጅግ ብዙ የመንግሥት ሠራተኞችን «ለሕዝብ ጥቅም» በሚል ሰበብ አሰናብቶ በቦታቸው ታማኞቹን ተካ። በ1990 ደግሞ የከፍተኛ ትምህርት ለውጥ አወጀ። የተማሪው ቁጥር በእጥፍ እንዲያድግና በየክፍለ ሀገሩ ዩኒቨርሲቲ እንዲከፈት ተወሰነ፤ ነጻው ምግብና ማደሪያ ግን ቀረ። በሩ ለብዙዎች በተከፈተበት ሰዓት ድሃውን ልጅ ውስጥ የሚያቆየው እህል ውሃ ተነሣ፤ ተምሮ የሚቀጠርበት የመንግሥት ሥራም የታማኞች ድርሻ ሆነ።

የቀረውን ቶሎ መናገር ይቻላል። በኦገስት 20 ቀን 1998 የአሜሪካ ክሩዝ ሚሳኤሎች በባሕሪ የነበረውን የሺፋ መድኃኒት ፋብሪካ አወደሙ። በ2011 ደቡብ ሱዳን ስትገነጠል ሱዳን ከነዳጅ ምርቷ ሦስት አራተኛ ያህሉን አጣች። በዲሴምበር 2018 የዳቦ ዋጋ ከአንድ ወደ ሦስት ፓውንድ ሲወጣ አትባራ ላይ የተነሣው ተቃውሞ አገሩን አዳርሶ በኤፕሪል 2019 አል-በሽርን ከሥልጣን አወረደ። በ2021 አጋማሽ ግን ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ400 በመቶ አለፈ፤ ደመወዝተኛ የሚባለው ሰው ሁሉ ከእጅ ወደ አፍ ኑሮ ውስጥ ገባ።

የጥንቱን ማወደስ ግን ሌላ ስሕተት ነው። የቀድሞው መንገድ ጠባብ ነበር። ሐንቱብ የሚገባው ከብዙ ሺህ ልጆች ጥቂቱ ሲሆን፣ ከእነዚህም የሚበዛው የዓባይ ዳር ሕዝብ ልጅ ነበር። ወጪውን የሸፈነው በዋናነት ጥጥ ነው፤ ጥጡን ያመረተው የገዚራ ገበሬና ለለቀማ ከምዕራብ የሚመጣው ወቅታዊ ሠራተኛ ልጆቻቸውን በዚያ በር ያስገቡት ስንት ጊዜ ነው? ስለዚህ የዛሬው ጥያቄ ያለፈውን መልሶ ስለማምጣት ብቻ ሊሆን አይችልም። በዚያን ጊዜም ከውጭ የቀሩት ልጆች ጥያቄ አብሮ መነሣት አለበት።

ለጥያቄው በባሕሪ ሰፈሮች በብዛት የሚሰማው መልስ የዕድል መልስ ነው። በእስልምና ትውፊት፣ ፅንሱ በእናቱ ማሕፀን ሦስት አርባ ቀናት ከቆየ በኋላ መልአክ ተልኮ ሪዝቁን (ሲሳዩን)፣ ዕድሜውን፣ ሥራውንና መጨረሻውን ይጽፋል። ከእነዚህ ሰፈሮች ሰው ጋር አብሮ የሚኖረው ሐበሻም የአርባ ቀን ዕድል ይላል። ሁለቱ ጎረቤታሞች በሃይማኖት ቢለያዩም በዚህ ላይ ሳይነጋገሩ ይግባባሉ።

ይህን እምነት የድንቁርና ምልክት አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ዕድል የሚል ሰው ድሃውን አይወቅስም። የሀብታሙም ሀብት በራሱ ብልሃት ብቻ የተገኘ ነው አይልም። ያጣ የነጣ ሰው በጎረቤቱ ፊት ቀና ብሎ እንዲሄድ የሚያደርገው፣ ማጣቱ የዋጋው መለኪያ አለመሆኑን ይኸው እምነት ስለሚነግረው ነው። ልጁን ቀብሮ፣ ቤቱን አጥቶ በማግሥቱ ለሥራ የሚነሣ ሰው የሚነሣበት ኃይል ከዚህ ይመጣል።

ችግሩ የሚጀምረው የሰው ሥራ በመልአኩ መጽሐፍ ሲመዘገብ ነው። የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ምግብ የቀረው በሚኒስቴር ወረቀት፣ በፊርማና በማኅተም ነው። አስተማሪው ከሥራ የወጣው ስሙ ዝርዝር ላይ ስለሰፈረ ነው። ይህን የፈጣሪ ጽሕፈት ማለት ፈራሚውን ከተጠያቂነት ያወጣል፤ ጥፋቱንም ፈጣሪ ላይ ይጭናል። የሃይማኖቶቹ ሊቃውንት ራሳቸው ይህን አይቀበሉም። ኸሊፋ ዑመር ወረርሽኝ ወደገባበት ሶርያ ሲሄዱ ከመንገድ በተመለሱ ጊዜ፣ ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህን ተብለው ሲጠየቁ፣ ከአንዱ ውሳኔው ወደ ሌላው ውሳኔው እሸሻለሁ የሚል ትርጉም ያለው መልስ መስጠታቸው ይተረካል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ሰው ነጻ ፈቃድ እንዳለው ታስተምራለች፤ የአርባ ቀን ዕድል የሕዝብ አባባል ነው እንጂ ዶግማ አይደለም።

ከዕድል መልስ በተቃራኒ የቆመው መልስ ሰው የሚያገኘው የሚገባውን ነው ይላል፤ የተጋ ይነሣል፣ የሰነፈ ይወድቃል። ይህ መልስ በሻይ ሻጭዋ ፊት አይቆምም። ሱዳኖች ሲት አሽሻይ የሚሏት ይህች ሴት ንጋት ላይ ወጥታ በአንድ ዛፍ ወይም ግድግዳ ጥላ ሥር የከሰል ምድጃዋን ታቀጣጥላለች። ፊት ለፊቷ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የስኳር፣ የዝንጅብል፣ የቅርንፉድ፣ የቀረፋና የከርከዴ ማሰሮዎች ይደረደራሉ። ዙሪያውን በገመድ የተጠለፉ በርጩማዎች አሉ፤ ዳር ላይ የዝንጅብል ቡና የፈላባት ጀበና አለች። ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ከኑባ ተራሮች፣ ከዳርፉርና ከደቡብ የተፈናቀሉ ናቸው፤ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም በመካከላቸው ብዙ ናቸው። የሥራ ሰዓቷ ከማንም ቢሮ ሠራተኛ ይረዝማል። ፖሊስ ከሻ በሚባለው አፈሳ ምድጃውንና በርጩማውን ጭኖ ሲሄድ ግን የዓመት ድካሟ በአንድ መኪና ይጫናል። ዕቃውን በቅጣት ለማስለቀቅ ትበደራለች፤ ወይም እንደ እቁብ ያለው የሰንዱቅ ዕጣዋ እስኪደርስ ትጠብቃለች። በዚያ ወር የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አይከፈልም። የካርቱም ሻይ ሻጮች ማኅበር መሪ ዐወዲያ ማሕሙድ ኮኮ በ2016 ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘችው እነዚህን ሴቶች በማደራጀት ለመብታቸው በመታገሏ ነው። በትጋት ቢሆን ኖሮ የእነዚህ ሴቶች ልጆች ሁሉ ዶክተር በሆኑ ነበር።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ በ1971 በታተመው የፍትሕ መጽሐፉ ከዚህ አልፎ ሄዷል። ሰው በማን ቤት እንደሚወለድ አልመረጠም፤ ተሰጥኦውንም አልመረጠም። ለመትጋት ያለው ፈቃደኝነት ራሱ ባደገበት ቤት ይቀረጻል። ስለዚህ ከልደት የሚገኝ ብልጫ ለማንም የሚገባ ደመወዝ አይደለም። የአርባ ቀን ዕድል የሚለውም ሰው እስከዚህ ድረስ ከሮልስ ጋር ይስማማል። የሚለያዩት በሚከተለው ላይ ነው፤ ሮልስ ልደት ያበላለጣቸውን ሰዎች በአንድ ሥርዓት ውስጥ ማስተካከል የሰዎች ግዴታ ነው ይላል።

ሃይማኖቶቹም ይህን ግዴታ ያውቁታል። የሚያከራክረው ግዴታው ምጽዋት ነው ወይስ መብት የሚለው ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በነዌና በአልዓዛር ታሪክ ላይ ባስተማራቸው ስብከቶች፣ ሀብታም ከያዘው ለድሃ አለማካፈሉ ራሱ ቅሚያ ነው ብሏል። ቅዱስ ባስልዮስም በሣጥን የተቀመጠው ትርፍ ልብስ የታረዘው ሰው ንብረት ነው የሚል ትምህርት ትቷል። በሁለቱም አስተሳሰብ ሰጪው ቸርነት አላደረገም፤ የሰው ገንዘብ ለባለቤቱ መለሰ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለተቀባዩ ግን ትልቅ ነው። ምጽዋት የተቀበለ ያመሰግናል፤ ገንዘቡ የተመለሰለት ምስጋና አይጠበቅበትም።

የትውልድን ነገር በቀጥታ የሚነካው ግን የኦሪት ዘሌዋውያን 25ኛው ምዕራፍ ነው። በኢዮቤልዩ፣ ማለትም በሃምሳኛው ዓመት፣ በችግር ምክንያት የተሸጠ መሬት ለቤተሰቡ እንዲመለስ፣ ራሱን የሸጠም ሰው ነጻ ወጥቶ ወደ ወገኑ እንዲገባ ይደነግጋል። አባት ቢከስር፣ ቢሰንፍ፣ ቢታመም ኪሳራው ልጁን እስከ መጨረሻው እንዳያስረው ነው። ሕጉ የአባትን ጥፋት አይመረምርም። የልጁ መነሻ ከአባቱ መጨረሻ እንዲለይ ብቻ ይፈልጋል። በአማራ አገር የነበረው የርስት ሥርዓት ለዚህ የሚቀርብ ነገር ነበረው። ከአቅኚ አባት መወለዱን ያስመሰከረ ሁሉ የመሬት ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር፤ ባዶ እጁን የቀረ የልጅ ልጅም በዘሩ ቆጥሮ ይመለስ ነበር። ያም ሆኖ ሙስሊሙ፣ ቤተ እስራኤሉና ወይጦው በአብዛኛው ርስት አልነበራቸውም። በዘር የሚቆጠር መብት ዘሩ ያልተቆጠረለትን ሰው ከውጭ ያስቀራል።

በሱዳን ይህን ጥያቄ እስከ ጥጉ የወሰደው ማሕሙድ ሙሐመድ ጣሃ ነው፤ የሞተውም ባሕሪ ውስጥ ነው። ጣሃ ሩፋዓ የምትባል የዓባይ ዳር ከተማ ሰው ነው። ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ ትምህርቱን ቀጠለ፤ በ1936 ከጎርደን ኮሌጅ በመሐንዲስነት ተመርቆ በሱዳን ምድር ባቡር ተቀጠረ። የሙት ልጅ መሐንዲስ የሚሆንበትን መንገድ በራሱ ሕይወት ያውቀው ነበር። በ1945 የሪፐብሊካን ፓርቲን መሠረተ፤ በ1967 «ሁለተኛው የእስልምና መልእክት» የተባለውን ዋና መጽሐፉን አሳተመ።

መከራከሪያው እንዲህ ነው። በመካ የወረደው መልእክት የእስልምና መሠረት ሲሆን በመዲና የወረደው ሕግ በዚያ ዘመን ለነበረ ኅብረተሰብ አቅም የተመጠነ ነው። ዘካም፣ ማለትም የእስልምና የግዴታ ምጽዋት፣ በዚሁ ይታያል። ዓመት የቆየ ገንዘብ በወርቅ ሲሰላ 85 ግራም ያህል ከደረሰ 2.5 በመቶው ይሰጣል፤ 97.5 በመቶው ለባለቤቱ ይቀራል። ለጣሃ ይህ የመሸጋገሪያ ሕግ ነው። የመሠረቱ ትእዛዝ ከፍላጎት የተረፈውን ሁሉ መስጠት ነው፤ ነቢዩ በራሳቸው ሕይወት የኖሩትም ይህንኑ ነው። የተመጠነው ዘካ ድሃውን ያበላል እንጂ ከሀብታሙ እጅ ሥር አያወጣውም። ስለዚህ ጣሃ ሀብት የጋራ እንዲሆን፣ ገቢም ከታችና ከላይ ወሰን እንዲኖረው ጠየቀ። የላይኛውን ወሰን የሚያስቀምጥበት መለኪያ አስደናቂ ነው፤ ልዩነቱ ባለብዙ ገቢው ከባለዝቅተኛ ገቢው ጋር በጋብቻ መዛመድን እስኪንቅ ድረስ መስፋት የለበትም ይላል። በጥሎሽና በሠርግ ወጪ ምክንያት ወጣቱ ትዳር በሚያዘገይበት ከተማ ይህ መለኪያ ከማንኛውም የገቢ ስታቲስቲክስ ይልቅ ለሰው ይገባል። ማን ልጁን ለማን ይድራል የሚለውን የሚመልስ ሰው የኑሮ ደረጃዎች ምን ያህል እንደተራራቁ ያውቃል።

የሃይማኖት ሊቃውንቱ ተቃውሞ ከባድ ነበር። የዘካ መጠን የተደነገገ ነው፤ ንብረትም በሕግ የተጠበቀ ነው፤ የመዲናውን ሕግ ጊዜያዊ ማለት ሃይማኖቱን መናድ ነው አሉ። በ1968 አንድ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጣሃን ከእስልምና የወጣ ብሎ ፈረደበት። ሌላም፣ ከሥነ መለኮት ውጭ የሆነ፣ ክርክር አለ፤ ትርፉን ሁሉ ማን ተቀብሎ ያከፋፍላል? መንግሥት ከሆነ በሱዳን መንግሥት ራሱ የታማኞቹን ቤት ሲሞላ ታይቷል። ጣሃ ለዚህ የነበረው መልስ ሀብትን የጋራ ማድረግ ከዴሞክራሲ ተነጥሎ አይቆምም የሚል ነበር። መልሱ ትክክል ነው፤ የተሞከረበትን አገር ግን እሱ አላየም።

የሆነው ተቃራኒው ነው። የጃፋር ኒሜሪ መንግሥት በሴፕቴምበር 1983 የሸሪዓ ሕጎችን አወጀ፤ በ1984 ዘካን በመንግሥት የሚሰበሰብ ግዴታ አደረገ። ዘካ በሕግ ተሰበሰበ፤ በዚያው ጊዜ ግን በችግር የሰረቀ ድሃ እጁ ይቆረጥ ነበር። ጣሃና ተከታዮቹ በዲሴምበር 1984 ሕጎቹን የሚቃወም በራሪ ወረቀት በተኑ። ጃንዋሪ 18 ቀን 1985 ጣሃ በባሕሪ ኮበር እስር ቤት በስቅላት ተገደለ። ኒሜሪ ሦስት ወር ሳይሞላው ወደቀ፤ በ1986 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረ። ሽረቱ የመጣው ጣሃ ከሞተ በኋላ ነው። ድህነትን ከማስወገድ ይልቅ ቅጣትን ያስቀደመ ሕግ፣ በየትኛውም ሃይማኖት ስም ቢወጣ፣ ድሃውን ሁለት ጊዜ እንደሚበድል የኒሜሪ ዓመታት ማስረጃ ናቸው።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሽ ኃይል በሚባለው የታጠቀ ቡድን መካከል የጀመረው ጦርነት ጥያቄውን ባለቤትና ተከራይ፣ ዶክተርና ሻይ ሻጭ ሳይለይ በባሕሪ ሁሉ ላይ አመጣው። የባሕሪ የውኃ ማጣሪያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራ አቆመ፤ የሻምባት ድልድይ በኖቬምበር 2023 ፈረሰ። ቤቶች ተዘረፉ፤ ከግድግዳ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሳይቀር ለመዳቡ ተብሎ ተነቀለ። ፋብሪካዎቹም ከነማሽኖቻቸው አልተረፉም። የሦስት ትውልድ ድካም በወራት ውስጥ ጠፋ። ሠራዊቱ ከተማዋን ያስለቀቀው በ2025 መጀመሪያ ነው።

በእነዚያ ዓመታት የሰፈር ወጣቶች የአደጋ ጊዜ ክፍል ብለው ባደራጇቸው ኮሚቴዎች ሥር የጋራ ወጥ ቤቶች ተከፈቱ። ስማቸውን ተኪያ ያሉት እንደ ሱፊዎቹ የእንግዳ ማዕድ ቤት ነው። ባቄላ ወይም ምስር በትልቅ ድስት ይቀቀላል፤ ሰልፈኛው ድስቱን ወይም ባልዲውን ይዞ ይቆማል። ማን ይገባዋል የሚል ጥያቄ የለም፤ ሲያስተምር የኖረው ፕሮፌሰርና በሩ ላይ ሻይ ትሸጥ የነበረችው ሴት አንድ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ። እነዚህ ኮሚቴዎች በ2025 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተዋል። አፈወርቅና ባስልዮስ ያስተማሩት ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ የሚሰጠውና የሚቀበለው ጎረቤታሞች ስለሆኑ፣ ነገም ሚናቸው ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ ምስጋና የሚጠይቅ የለም። ተኪያ የሚያበላው ግን ለዛሬ ነው። ልጅ ከአባቱ ደረጃ እንዲያልፍ የሚያደርገው ነገር በድስት አይቀርብም።

ይህ በትምህርቱ ጉዳይ ጎልቶ ታይቷል። በ2023 መሰጠት የነበረበት የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና የተጀመረው ዲሴምበር 28 ቀን 2024 ነው። በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ሥር በነበሩ አካባቢዎች የነበሩ ብዙ ተማሪዎች ለፈተናው መቀመጥ አልቻሉም፤ የተቀመጡትም ብዙዎቹ ተፈናቅለው ከሰፈሩበት ከተማ ወይም ከስደት አገር ሆነው ነው። ለእነዚህ ልጆች የሚደረገው ነገር ምጽዋት ከሆነ መጠኑን ለጋሹ ይወስናል፤ ገንዘቡ ሲያልቅም ይቆማል። ኢዮቤልዩ እንደሚያየው መብት ከሆነ ግን የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ ያለፈው የፈተና ዓመት የሚካካስበት ጊዜ፣ ከባሕሪም ሆነ ከሐጅ ዩሱፍ ለሚመጣ ልጅ በ1990 የቀረው ምግብና ማደሪያ፣ ለተመላሹ የቤቱ ካርታ፣ ለሻይ ሻጭዋ የማይታፈስ የሥራ ቦታ። እነዚህ ሁሉ በሰው እጅ የተወሰዱ ስለሆኑ በሰው እጅ ሊመለሱ ይችላሉ።